አሜሪካ ውስጥ የታሰረን ሰው በይፋዊ መዝገብ ማፈላለግ

በአገር ቤት ዘመድ ሲታሰር ቤተሰብ ስንቅ ቋጥሮ ከፖሊስ ጣቢያ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይዞራል። በር ላይ ያለው «እዚህ የለም» ካለ ወደሚቀጥለው ይኬዳል። አሜሪካ ውስጥ ይህ ዙረት በአብዛኛው በስልክና በኮምፒውተር የሚያልቅ ነው፤ ማን፣ መቼ፣ በምን ጥርጣሬ እንደታሰረ የሚናገረው መዝገብ በብዙ ግዛቶች ለሕዝብ ክፍት ነውና። ክፍት የሆነበት ዋና ምክንያትም መንግሥት ሰው ይዞ የት እንዳደረሰው ሳይታወቅ እንዳይቀር ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ልጁ ሌሊቱን ሳይመለስ ያደረ ወላጅ ትርጉሙን ያውቀዋል።

ሆኖም ፍለጋው ብዙ ጊዜ መንገድ ይስታል። አንደኛው ምክንያት የሚንኳኳው በር የትኛው እንደሆነ አለማወቅ ነው። አሜሪካ አገሪቱን በሙሉ የሚሸፍን፣ ማንም ገብቶ የሚያየው አንድ የእስረኞች መዝገብ የላትም። ካውንቲ የሚባሉ፣ በግዛት ሥር ያሉ ከ3,000 በላይ የአካባቢ አስተዳደሮች አሏት፤ ቴክሳስ ብቻ 254 አሉት። በአብዛኞቹ የአካባቢውን እስር ቤት የሚያስተዳድረው ሸሪፍ የሚባለው ሕዝብ የመረጠው የካውንቲው ሕግ አስከባሪ ሹም ሲሆን መዝገቡም የእርሱ ነው። በአማርኛ ሁሉንም «እስር ቤት» ስለምንል ጄልና ፕሪዝን ይምታቱብናል። ጄል የሚባለው ገና ያልተፈረደበት ወይም አጭር፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ያልበለጠ ቅጣት ያለበት ሰው የሚቆይበት የአካባቢ እስር ቤት ነው። ፕሪዝን ደግሞ የረጅም ጊዜ ፍርደኞች ማረሚያ ነው። ትናንት ማታ የተያዘን ሰው በግዛቱ የፍርደኞች ዝርዝር ውስጥ መፈለግ ስለዚህ ድካም ብቻ ነው። ከዚህ የሚለዩት እንደ ዴላዌር፣ ኮኔቲከትና ሮድ አይላንድ ያሉ ጥቂት ግዛቶች ናቸው፤ በእነዚህ ሁለቱንም የሚያስተዳድረው ግዛቱ ራሱ ነው።

ወሳኙ ጥያቄ ሰውየው የት ይኖራል ሳይሆን የት ተያዘ የሚለው ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው እዚያው ከተያዘ ጉዳዩ የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ወደ ሥራ ሲሄድ ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ከተያዘ የዲሲ ማረሚያ መሥሪያ ቤት ይሆናል። ድልድዩን ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ ከሆነ ደግሞ የራሷ ሸሪፍ ያላት የቨርጂኒያ ከተማ ናት። ጥቂት ማይል ውስጥ ሦስት የተለያዩ መዝገቦች አሉ፤ አንዱ ስለ ሌላው አይናገርም።

ሁለተኛው ጉዳይ ሰዓት ነው። ፖሊስ ሰው እንደያዘ ስሙ ወዲያው ዝርዝር ላይ አይወጣም። መጀመሪያ ቡኪንግ የሚሉት ምዝገባ አለ፦ ስምና የትውልድ ቀን ይጻፋል፣ አሻራና ፎቶ ይነሣል፣ ንብረት ይረከባሉ፣ ስለ ጤና ይጠየቃል፣ የእስረኛ ቁጥር ይሰጣል። ይህ ሰዓታት ይወስዳል። ኒው ዮርክ ከተማ ላይ ደግሞ ተይዞ ገና ዳኛ ፊት ያልቀረበ ሰው በፖሊስ እጅ ስለሆነ የከተማው ማረሚያ መሥሪያ ቤት መፈለጊያ አያወጣውም፤ ማዕከላዊ የምዝገባ ክፍሉን በስልክ መጠየቅ ያስፈልጋል። እዚያ ሰው በ24 ሰዓት ገደማ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት። በሜሪላንድም የተያዘ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ኮሚሽነር በሚባል የፍርድ ቤት ሹም ፊት ይቀርባል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1991 ያለ ማዘዣ የተያዘ ሰው ጉዳይ በአጠቃላይ በ48 ሰዓት ውስጥ በዳኛ እንዲታይ ወስኗል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ያስቀመጠው ቁጥርም ይኸው 48 ሰዓት ነው።

መዝገቡ ምን ያህል እንደሚናገር ግዛቱ ይወስናል። በዋሽንግተን ግዛት ሕግ እስር ቤቱ የሚይዘው የእስረኞች መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ነው። የታሰረው ሰው ስም፣ የገባበት ሰዓት፣ ቀንና ምክንያት፣ የወጣበት ሰዓትና አወጣጡ ሁሉ ይታያል፤ ፎቶው ግን በጥቅሉ አይወጣም። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት ኪንግ ካውንቲ በዚህ ሕግ ሥር ነው፤ እስር ቤቶቹም ሲያትል መሐል ከተማና ኬንት ውስጥ ናቸው። በፍሎሪዳ ነገሩ ሌላ ነው፤ ብዙ ሸሪፎች የእስረኛውን ፎቶ በሰዓታት ውስጥ ድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ። የታዳጊዎች መዝገብ ግን በአብዛኛው ዝግ ነው።

ለእኛ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ስም ነው። የአሜሪካ ኮምፒውተር የሚጠይቀው የቤተሰብ ስም ነው፤ እኛ ያለን የአባትና የአያት ስም ነው። አንዱ ወንድም በአባቱ ስም፣ ሌላው በአያቱ ስም ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል። «ገብረ መድኅን» ተነጥሎ ከተጻፈ «መድኅን» ብቻውን የቤተሰብ ስም ይሆናል። ፊደሉ ደግሞ አለ፦ «ፀሐይ» በቲና ኤስ ወይም በኤስ ብቻ ይጻፋል፤ «ቀ» ኬ ወይም ኪው ይሆናል፤ «ኃይሉ» መሐሉ ላይ አይ ወይም ዋይ ሊገባበት ይችላል። ስለዚህ ፍለጋ የሚጀመረው ሰውየው በኪሱ ይዞት ከሚዞረው መንጃ ፈቃድ ወይም ግሪን ካርድ ላይ ካለው አጻጻፍ ነው። ካልተገኘ ስሙን ከአባት ስም ጋር አቀያይሮ መሞከር፣ መፈለጊያው ከፈቀደም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፊደላት ብቻ ማስገባት ይረዳል።

የትውልድ ቀንም እንዲሁ ነው። የእኛና የፈረንጁ አቆጣጠር በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚለያይ አንዳንዱ ወረቀት ላይ ዓመቱ ሳይቀየር ይገባል። የተወለዱበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ ያልነበራቸው ብዙ ስደተኞች ደግሞ ጃንዋሪ 1 ተብለው ተመዝግበዋል። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ሰው ይጎዳል፤ የተለመደ ስምና ጃንዋሪ 1 የተወለዱ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በመዝገብ ላይ አንድ ሰው ይመስላሉና። ዝርዝር ላይ ስም አይቶ «እገሌ ታስሯል» ብሎ በቴሌግራም ከመላክ በፊት ፎቶ ካለ ፎቶውን፣ ከሌለም ዕድሜና አድራሻን ማመሳከር ግድ ነው።

እስረኛው ዳኛ ፊት ከቀረበ በኋላ የሚታየው የፍርድ ቤት መዝገብ ነው። ሜሪላንድ ክሱን፣ የቀጠሮ ቀኑንና ውሳኔውን ያለ ክፍያ በድረ ገጽ ታሳያለች፤ ቨርጂኒያም የየአካባቢውን የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶች ጉዳይ መፈለጊያ አላት። ክሱ የፌዴራል ከሆነ ፔሰር የሚባለው መዝገብ በገጽ 10 ሳንቲም ያስከፍላል። የፌዴራል እስር ቤቶች መፈለጊያ ደግሞ ከ1982 ወዲህ የታሰሩትን ያካትታል፤ እርሱ ግን ነፃ ነው።

ከካውንቲው ዝርዝር ላይ «ተለቋል» ተብሎ ስሙ የጠፋ ሰው ቤት ሳይመጣ ሲቀር የኢሚግሬሽን ፖሊሶች፣ አይስ የሚባሉት፣ ወስደውት ሊሆን ይችላል። አይስ የአካባቢ እስር ቤት ሰውየውን እስከ 48 ሰዓት ጨምሮ እንዲያቆይለት የሚጠይቅበት ወረቀት አለው። ከዚያ በኋላ የሚፈለገው ከ2010 ጀምሮ በሚሠራው የአይስ መፈለጊያ ነው። አስተማማኙ መንገድ ኤ ነምበር የሚባለውን ዘጠኝ አሃዝ ያለው የኢሚግሬሽን መለያ ቁጥር ከትውልድ አገር ጋር ማስገባት ነው፤ አሃዙ ስምንት ከሆነ ፊቱ ላይ ዜሮ ይጨመራል። በስም የሚፈልግ ሰው አጻጻፉን አንድ ፊደል ሳይስት ማስገባት አለበት፤ እዚህ ግማሽ ስም አይሠራም። ከ18 ዓመት በታች የሆኑትን አያሳይም። ሜሪላንድ በ2021 ባወጣችው ሕግ ካውንቲዎቿ ለአይስ እስረኛ የሚይዙበትን ውል ስላስቀረች፣ ባልቲሞር አካባቢ የተያዘ ሰው ቨርጂኒያ ወይም ከዚያ በጣም በራቀ ግዛት ሊገኝ ይችላል። የእያንዳንዱ ቤተሰብ አባል ኤ ነምበር ቤት ውስጥ በወረቀት ተጽፎ ቢቀመጥ ስንት ሌሊት ከመንከራተት ያድናል።

ቫይን የሚባል ሌላ አገልግሎትም አለ። በ1993 ኬንታኪ ውስጥ አንዲት ወጣት፣ አስይዛው የነበረው የቀድሞ ወዳጇ መፈታቱን ማንም ሳይነግራት፣ በ21ኛ ልደቷ ቀን በእርሱ እጅ ተገደለች። በዚያ ሐዘን መነሻነት በቀጣዩ ዓመት የተጀመረው ሥርዓት ዛሬ በብዙ ግዛቶች እስረኛ ሲፈታ ወይም ሲዛወር ለተመዘገበ ሰው በስልክ ወይም በመልእክት ያሳውቃል። በቤቷ ጥቃት የደረሰባት ሴት ሁሉ ልታውቀው የሚገባ ነው።

ከእነዚህ ውጭ ያሉት የንግድ ድረ ገጾች ናቸው። የሸሪፍን ዝርዝር ገልብጠው ይሸጣሉ፤ ክሱ ከተዘጋ በኋላም ስምና ፎቶን እንደያዙ ይቆያሉ። በነፃ የሚገኘውን ነገር ለእነርሱ መክፈል አያስፈልግም። መያዝ ክስ አይደለም፣ ክስም ፍርድ አይደለም። ከእነዚህ ገጾች ባገኘው ነገር ሠራተኛ የሚመርጥ ቀጣሪ ወይም ተከራይ የሚለይ አከራይ፣ ከ1970 ጀምሮ ያለውን የሸማቾች መረጃ ሕግ ሊጥስ ይችላል። ፔንሲልቬኒያ በ2018 አንዳንድ መዝገቦች በራሳቸው የሚታሸጉበትን ሕግ በማውጣት ቀዳሚ ሆናለች። ፍርድ ቤቱ ያሸገው ግን ከግል ድረ ገጽ በራሱ አይጠፋም፤ ለየብቻ መጠየቅ ይጠይቃል።

ክፍት መዝገብ ሌባም ያነበዋል። ስም፣ ክስና የዋስትና መጠን አይተው «ከእስር ቤቱ ነው የምንደውለው፣ አሁኑኑ ላኩ» የሚሉ አሉ። በስጦታ ካርድ ወይም ዜል በሚባለው የስልክ ገንዘብ መላኪያ ዋስትና የሚጠይቅ ደዋይ ስልኩ ይዘጋበትና በእስር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ባለው ቁጥር ተመልሶ ይደወል። እስረኛው ራሱ በስልክ አይጠራም፤ የሚደውለው እርሱ ነው፣ ከጠበቃው ጋር ካልሆነ በቀር ንግግሩም ይቀዳል። በአማርኛ ማውራት አይሸፍንም፤ ዐቃቤ ሕግ ያስተረጉመዋል። ስለዚህ በዚያ ስልክ የሚወራው ስለ ጤንነቱ፣ ስለ ጠበቃው ስምና ስለ ቀጠሮው ቀን ብቻ ይሁን፤ ስለ ሆነው ነገር ግን ምንም አይነሣ።