ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ

ገበያ ላይ ሸክላ ከሚደረደርበት ጥግ ጠጋ ያለ ሰው ይህን አባባል ለማይሆን ነገር ሲያውሉት ይሰማል። ገዢዋ ጠርዙ ላይ ስንጥቅ ያለበትን ምጣድ ታነሳለች፤ ከጎኑ ካለው በዋጋ ስለሚቀንስ ልቧ ይሸፍታል፤ «ምን ይደረግ፣ ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» ብላ ትከፍላለች። ስንጥቁን አይጥ አደረገችው ማለት ነው። ስንጥቅ ግን አይጥ አይደለም፤ ስንጥቅ ምጣዱ ራሱ ነው።

አባባሉ ገዝቶ ላበቃ፣ ገዝቶም ላሟሸ ሰው የተነገረ ነው። ዱላው ሲወርድ አይጧ አምልጣ ምጣዱ እንደሚሰበር ማንም ያውቃል። ብዙ ሰው የማይጠይቀው፣ ለአንድ ሸክላ ይህን ያህል የሚሳሳው ለምን እንደሆነ ነው።

መልሱ ከአፈሩ ይጀምራል። ደህና ሸክላ ሠሪ ጭቃውን ብቻውን አትሠራበትም፤ አሮጌ ገል ፈጭታ ወይም አሸዋ ነፍታ ትቀላቅልበታለች። ያለዚያ ጭቃው ሲደርቅ ተኮማትሮ ይሰነጠቃል። ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋውን ጠፍጣፋ ነገር በእጅ ስታበጅ ትልቁ ጥበብ ውፍረቱን እኩል ማድረግ ነው። መሃሉ ከሳሳ እንጀራው እዚያ ላይ እያረረ ዳሩ ሊጥ እንደሆነ ይቀራል። ከዚያ በጥላ ይደርቃል፣ ፊቱ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፣ በመጨረሻ ይተኮሳል። በደንብ ሳይደርቅ እሳት ከገባ፣ ውስጡ የቀረው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ሸክላውን ይሰነጥቀዋል። የክረምት ምጣድ የማይታመነው ለዚህ ነው፤ ችኩል ካልሆኑ በበጋ የተሠራውን መጠበቅ ይሻላል። (ይህን ሁሉ የሚችሉትን ሴቶች አገሩ ለዘመናት በክፉ ስም ሲጠራ፣ እንጀራውን ግን ከእነሱው ምጣድ ሲበላ መኖሩ ለብቻው የሚያሳፍር ወሬ ነው።)

ስትገዙ ምጣዱን በጠርዙ አቁማችሁ በጣት አንጓ አንኳኩት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጤነኛ ነው፤ ከፈዘዘ ወይ የተደበቀ ስንጥቅ አለበት፣ ወይ እሳት አልጠገበም። ቀጥ ያለ ዘንግ ፊቱ ላይ አጋድሙበት፤ በሥሩ ብርሃን ካያችሁ ሊጡ ወደ ጎድጓዳው እየፈሰሰ እንጀራው አንድ ወገን ይወፍራል። ይህን ፈተና ያለፈ ምጣድ ዋጋው ከፍ ቢል አትከራከሩ። ዋናው ወጪ ገና ከፊት አለና።

ያ ወጪ ማሟሸቱ ነው። አዲስ ሸክላ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ሊጡን ስቦ ይይዘዋል። ስለዚህ ምጣዱ በቀዝቃዛው ይጣዳል፤ እሳቱ ለስለስ ብሎ ይጀመራል፤ እንጨት በሚያንስበት በመንዝና በደብረ ብርሃን ደጋ ኩበት ነው ይህን የሚሠራው። ሞቅ ሲል የተፈጨ ጎመን ዘር ይነሰነስና በማሰሻ ጨርቅ እየተዞረ ይታሻል። ቤቱን ጢስ ይሞላዋል። ዱቄቱ ሲከስል ተጠርጎ ሌላ ይነሰነሳል፤ እንዲህ እየተባለ ፊቱ ጠቁሮ እስኪያብለጨልጭ ይደገማል። ቅባቱ ቀዳዳውን የሚደፍነው ቀስ እያለ ስለሆነ፣ ቸኩሎ እሳቱን ያነደደ ወይ ምጣዱን ይሰነጥቃል ወይ ቅባቱን አቃጥሎ ከዜሮ ይጀምራል። እንዲያም ሆኖ የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ተቦጫጭቀው ነው የሚወጡት። ከዚያ ወዲያ በውሃ አይታጠብም፣ ቆሎ አይቆላበትም፤ የቆሎው ምጣድ ሌላ ነው። ዱላ የሚከለከልለት እንዲህ ያለው የሟሸ ምጣድ እንጂ ማንኛውም ሸክላ አይደለም።

አባባሉ የደጋ ሰው ነው ባይ ነኝ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። እንጀራ ከተጋገረ በኋላ ጉልቻው መሃል ያለው አመድ እንደሞቀ ይቆያል፤ ምጣዱ ላይ የጎመን ዘር ቅባት፣ ዙሪያው የፈሰሰ ዱቄት አለ። ለደጋ አይጥ ከዚህ የተሻለ ማደሪያ ከየት ይመጣል? ሸዋ ሮቢት ቆላ ያለችው ግን ሙቀት ፍለጋ ምጣድ ሥር የምትገባበት ምክንያት አይታየኝም። «ትለፍ» የተባለውም ለአይጧ በማዘን አይመስለኝም፤ ነገ እሳቱ ሲለኮስ ራሷ ትወጣለች ማለት ነው። የሸዋ ሮቢት ሰዎች ቢቃወሙኝም ግምቴን አልለቅም።

የምጣዱ የራሱ ጉድለት እንደ አይጧ አይታለፍም ከሚለው ሕግ የኤሌክትሪክ ምጣድም አያመልጥም። 3,500 ዋት ገደማ የሚስበው ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይወስዳል፤ በርካሹ ሶኬትና በቀጭኑ ሽቦ ላይ ሲሰኩት መጀመሪያ የሚቀልጠው ሶኬቱ ነው። ሲገዙ ገልብጠው ይዩት፤ ሸክላው ቦይ ውስጥ የተቀበረው የሚግለው ሽቦ እኩል ተራርቆ ካልተዘረጋ፣ በተራራቀበት በኩል እንጀራው ዓይን አያወጣም። ለዚህ ሻጩ ዋጋ ቢቀንስም ዕለት ዕለት የምትከፍለው ጋጋሪዋ ናት።

በየስብሰባው ደግሞ አባባሉ የሌባ ማሳለፊያ ወረቀት ሆኗል። ያጎደለው ይታለፍ፣ ያጭበረበረውም ይታለፍ ይባላል፤ የሚሳሳለት ምጣድ የትኛው እንደሆነ ግን የሚናገር የለም። ጓዳ ውስጥ ይህ ምሕረት ይሠራ የነበረው አይጧ ምጣዱ ላይ እስካለች ብቻ ነው። ከወረደች ዱላውም ድመቷም ይጠብቋት ነበር።