የሥራ ውጥረትን በሴንሰር መለካት፦ ከባሕር ዳር አንጻር

የሠራተኛን ውጥረት ሥራ ሳያስፈታ ለመለካት በእጅ ሰዓት፣ በደረት ቀበቶ ወይም በኪቦርድ ላይ የሚገጠሙ ሴንሰሮች ጥቅም ላይ ይውላሉ። ሰው «አለቃዬ ጨጓራዬን ላጠው» ሲል ሴንሰሩ የሚያየው ጨጓራውን ሳይሆን ልቡንና ላቡን ነው። በውጥረት ጊዜ በልብ ምቶች መካከል ያለው የጊዜ መለዋወጥ ይቀንሳል፤ ላብ ዕጢዎች ስለሚነቁም ቆዳ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያስተላልፋል።

የውጥረት ተመራማሪው ሀንስ ሴልዬ ስለ ውጥረት የመጀመሪያ ጽሑፉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ውጥረት በሴንሰር በሰፊው የተመዘገበው ግን በቅርቡ ዘመን ነው። ተመራማሪዎቹ ጄኒፈር ሂሊ እና ሮዛሊንድ ፒካርድ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ የአሽከርካሪዎችን ውጥረት ለማየት ቦስተን አካባቢ የተደረጉ 24 የመኪና ጉዞዎችን ተንትነዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ጥናት ኔዘርላንድ ውስጥ 25 ሰዎች ሪፖርት ሲጽፉ በኢሜይልና በጊዜ እጥረት እየተዋከቡ ተለክተዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው ዌሳድ የተባለው መረጃ ከ15 ሰዎች የተሰበሰበ ነው፤ ተሳታፊዎቹ ከ2023 እያነሱ 17 እየቀነሱ እንዲቆጥሩ ይደረግ ነበር፤ ማንንም የሚያስጨንቅ ሒሳብ ነው።

አንዳቸውም ግን በሽመና ማሽኖች መካከል ሲመላለስ የሚውል ሠራተኛን አልመዘገቡም። ለዚህ ከባሕር ዳር የተሻለ ከተማ ማግኘት ያስቸግራል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የከተማዋ አንጋፋ ኢንዱስትሪ ነው፤ በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው ፖሊቴክኒክ ተቋምም (ፖሊ) ጨርቃ ጨርቅንና ኤሌክትሪክን በአንድ ግቢ በማስተማር ባለውለታ ነው።

ችግሩ እጅ ላይ ነው። ሸማኔዋ የተበጠሰ ክር በቀጠለች ቁጥር አንጓዋ ስለሚንቀሳቀስ፣ የሰዓቱ አረንጓዴ ብርሃን የደም ፍሰቱን አጥርቶ አያነብም። የደረት ቀበቶ ይሻላል፤ በሚያዝያ ሙቀት ግን ስምንት ሰዓት ታጥቆ መዋል ይከብዳል። ሙቀቱ ራሱ ስለሚያልብ የቆዳው ንባብ ያለ ጭንቀት ከፍ ይላል፤ ከቡና በኋላም የልብ ምት ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ፈረቃ ሳይጀመር አምስት ደቂቃ አረፍ ብሎ የሠራተኛውን መነሻ ልክ መመዝገብ፣ ሙቀቱንም አብሮ መለካት ግድ ነው። የጠቆረ ቆዳ ብርሃኑን ያዛባል የሚሉ አሉ፤ ውጤቶቹ አይስማሙም።

የአውሮፓ ኅብረት የ2024 የሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ሕግ በሥራ ቦታ ከሰውነት ምልክት ስሜትን መገመትን፣ ከሕክምናና ከደኅንነት ውጪ ከልክሏል። በእኛ አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ይመድባል። በዚህ ጸሐፊ አረዳድ፣ የልብ ምት በስም ተዘርዝሮ ለፈረቃ ኃላፊው ጠረጴዛ የሚቀርብ ወረቀት አይደለም።