ጉድዊል ላይ የሚወራው እና እውነታው

አንድ ኩባንያ ሌላውን ሲገዛ ሂሳቡ ላይ «ጉድዊል» የምትባል መስመር ብቅ ትላለች። ስለሷ ብዙ ይወራል። አብዛኛው ልክ አይደለም።

«ጉድዊል የኩባንያው ዝና ነው»

ቢሆንማ ኖሮ መርካቶ ውስጥ አርባ ዓመት ስሙ የተጠራ ነጋዴ መዝገቡ ላይ ስንት ሚሊዮን በጻፈ ነበር። ራስህ ያፈራኸው ስም ሂሳብ ላይ አይገባም፤ ግዢ መኖር አለበት። ጉድዊል ከተከፈለው ዋጋ ላይ፣ የተገዛው ኩባንያ ሌላ ሀብት ሁሉ ዕዳው ተቀንሶ ተቆጥሮ ካለቀ በኋላ የሚተርፈው ልዩነት ነው። ውስጡ ጎበዝ ሠራተኛም አለ፣ ተስፋም አለ፣ አንዳንዴ የገዢው ሥራ አስኪያጅ እልህም አለበት።

«ከተከፈለው ላይ የመዝገብ ዋጋውን መቀነስ ነው»

ይሄ ባለሙያውንም ያሳስታል። ኩባንያው በ500 ሚሊዮን ብር ተገዛ እንበል። ዕዳው ተቀንሶ መዝገቡ ላይ ያለው ሀብት 280 ሚሊዮን ነው። የቸኮለ ሰው «220» ይልሃል። ግን ሕንፃው ዛሬ ባለው ዋጋ ከመዝገቡ በ60 ሚሊዮን ይበልጣል፤ መዝገብ ላይ ጭራሽ ያልነበሩት የንግድ ምልክቱና የደንበኞች ውሎቹ ደግሞ 70 ሚሊዮን ያወጣሉ። እነዚህ ለየብቻ ይመዘገባሉ፤ ለጉድዊል የሚተርፈው 90 ነው። (የታክሱን ጣጣ ለጊዜው ትቼዋለሁ።)

«እንደ መኪና በየዓመቱ ይቀንሳል»

እንደ መስፈርቱ ነው። ሙሉውን አይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፉን የሂሳብ ሪፖርት መስፈርት) የሚከተል፣ እኛ ጋ ለምሳሌ ባንክና ኢንሹራንስ፣ በየዓመቱ አይቀንሰውም፤ ቢያንስ በዓመት አንዴ ዋጋው ወርዶ እንደሆነ ይፈትሻል። የኢምፔርመንት ፍተሻ የሚባለው ይሄ ነው። ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች የወጣውን አይኤፍአርኤስ የሚጠቀም ግን በዕድሜው ልክ ይቀንሰዋል፤ ዕድሜውን በአስተማማኝ መገመት ካልተቻለ ከ10 ዓመት አያልፍም።

«ኢምፔርመንት ተመዘገበ ማለት ገንዘብ ወጣ ማለት ነው»

ገንዘቡ የወጣው ድሮ ነው፣ ግዢው ዕለት። ማይክሮሶፍት አኳንቲቭ የተባለውን የማስታወቂያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 በ6.3 ቢሊዮን ዶላር ገዛና በ2012 ላይ 6.2 ቢሊዮኑን ከመዝገብ ሰረዘው። በዚያ ሩብ ዓመት 492 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ አሳየ፤ አክሲዮኑ ገበያ ላይ ከወጣ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በስረዛው ምክንያት ግን ከካዝናው አንዲት ሳንቲም አልወጣችም። «ታዲያ ምን ቸገረን» እንዳትል፤ ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈለለት ነገር እንደታሰበው እንዳልሆነ በጽሑፍ ማመኑ እኮ ነው።

«የተሰረዘው ዋጋ ንግዱ ሲያገግም ይመለሳል»

የሕንፃና የማሽን ይመለሳል። የጉድዊል አይመለስም፣ በቃ።

«ፍተሻውን ካለፈ ግዢው ተሳክቷል»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ጉድዊል ብቻውን ገንዘብ ስለማያመጣ ብቻውን አይፈተሽም፤ የሚፈተሸው አብሮት ገንዘብ ከሚያስገባው የሥራ ክፍል ጋር ነው። ስለዚህ ውሃ የበላው ግዢ ከድሮው ትርፋማ ክፍል ጋር ሲቀላቀል የድሮው ትርፍ ይሸፍንለታል፤ ፍተሻው ይታለፋል፣ ግዢው ግን ያው የከሰረ ነው፣ ከውጭ የሚያይ ባለአክሲዮንም ምንም አይሸተውም።

ግምቱም አለ። ክፍሉ በየዓመቱ 10 ሚሊዮን ብር ሳያቋርጥ ያስገባል ብለን በ10 ከመቶ ዲስካውንት ሬት (የነገ ገንዘብ ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ ለማስላት የሚቀነስበት መጠን) ወደ ዛሬ ዋጋ ስንመልሰው 100 ሚሊዮን ይሆናል። ክፍሉ ከነጉድዊሉ መዝገቡ ላይ የተያዘበት ዋጋ 90 ሚሊዮን ከሆነ ሰላም ነው። ሬቱን 12 ከመቶ ስናደርገው ግን ወደ 83 ይወርዳል፤ ክፍሉ ቢሸጥ ከዚህ የተሻለ ካላወጣ 7 ሚሊዮን ገደማ ተሰረዘ ማለት ነው። ንግዱ ላይ እኮ ምንም አልተለወጠም! ዓመታዊ ሪፖርት ስታነብ «ኢምፔርመንት የለም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር እለፋትና ከሂሳቡ ጋር የተያያዘው የማብራሪያ ማስታወሻ ውስጥ ግባ፤ ዲስካውንት ሬቱንና የዕድገት ግምቱን ካምናው ጋር አስተያይ። ወለድ በጨመረበት ዓመት ሬቱ ከወረደ፣ ምክንያቱን በጠቅላላ ጉባኤ ላይ መጠየቅ መብትህ ነው።