«ካምፓኒው ቤት ሰጣቸው» እና ሌሎች ስለ ከሰል ከተሞች የሚወሩ ነገሮች

ባለፈው እሁድ እዚህ ደብረ ብርሃን ቡና ላይ ተሰብስበን የሙሽ ሸለቆ ወሬ ተነሳ። እዛ የድንጋይ ከሰል እንዳለ እኛ አካባቢ ብዙ ሰው ያውቃል። አንዱ ዘመዳችን «ትልቅ ካምፓኒ ቢገባበት እኮ እንደ ፈረንጅ አገር ሙሉ ከተማ ይሠራልን ነበር፤ ቤቱ፣ ሱቁ፣ ሐኪሙ በነፃ» አለ። ሁሉም ተስማማ። እኔ የእነዚያን ከተሞች ታሪክ ስከታተል ዓመታት ስላለፉኝ ዝም ማለት አልቻልኩም። ቡናው ላይ ያልጨረስኩትን እዚህ ልቀጥል።

«በነፃ» የምትለዋ ናት መጀመሪያ የምትነሳው። የአሜሪካዋን ዌስት ቨርጂኒያ ውሰዱ። ተራራ መሀል ያሉትን የከሰል ከተሞች የሠራው ካምፓኒው ነው፣ እሱ እውነት ነው። ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ሠርቷል። ግን የቤቱ ኪራይ ከደሞዝ ይቆረጣል፣ የሐኪሙም ይቆረጣል፣ ከሰሉን የሚያፈነዱበት ባሩድ ዋጋ እንኳን ከሠራተኛው ኪስ ነው። ክፍያው ደግሞ በብዙ ቦታ በቀን ሳይሆን በቶን ነበር። ሠራተኛው ቁጥር የተመታባት ትንሽ የናስ ምልክት ይዞ ይወርድና የሞላው ፉርጎ ላይ ያንጠለጥላታል። ላይ ሲደርስ ከሰሉ የማን እንደሆነ የሚታወቀው በእሷ ነው። ሚዛኑ ላይ የቆመው ሰው ግን የካምፓኒው ነው። የሠራተኛ ማኅበራቱ «የራሳችን የሚዛን ተቆጣጣሪ ይኑረን» ብለው ለዓመታት የታገሉት ለዚህ ነው።

«ቢሆንም ጥሩ ብር ይይዙ ነበር» ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚይዙት ብር አልነበረም። ስክሪፕ የሚሏት ነገር ነበረች፤ ሳንቲም ትመስላለች፣ የካምፓኒው ስም አለባት፣ ብዙዎቹ መሀላቸው ተበስቷል። የደሞዝ ቀን ሳይደርስ የቸገረው ሰው ብድር ሲጠይቅ የሚሰጠው እሷን ነው። ዕቃ የምትገዛው ካምፓኒው ሱቅ ውስጥ ነው። ሌላ ሱቅ ይዘሃት ብትሄድ ወይ አይቀበሏትም፣ ወይ ከዋጋዋ ቀንሰው ነው። እስቲ አስቡት፣ ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ አንድ ቁና ገብስ የማይገዛ ብር! እንግሊዝ ሠራተኛን በዕቃ መክፈልን በ1831 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በሕግ ከልክላ ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ግን ስክሪፕ ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ።

ቤቱም የእነሱ አልነበረም። ሥራህን ስታጣ ጣሪያህንም ታጣለህ። በግንቦት 1920 እ.ኤ.አ. እዚያው ዌስት ቨርጂኒያ ማትዋን በምትባል ከተማ ማኅበር የገቡ ሠራተኞችን ቤተሰቦች የካምፓኒው ቅጥረኞች ከነዕቃቸው አስወጧቸው። በዚያው ቀን ተኩስ ተከፈተ፣ ከንቲባውን ጨምሮ 10 ሰው ሞተ። በዓመቱ ብሌር ተራራ ላይ ወደ 10,000 የሚጠጉ ሠራተኞች መሣሪያ ይዘው ወጡ። በነፃ ቤት ተሰጥቶት ጠመንጃ የሚያነሳ ማን አለ?

አንዱ የሚያናድደኝ ወሬ ደግሞ «ከጉድጓድ ምን የተማረ ሰው ይወጣል» የሚለው ነው። ጥቁር አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ካርተር ዉድሰን ባሪያ የነበሩ ወላጆች ልጅ ነው። በወጣትነቱ ዌስት ቨርጂኒያ ከሰል ቆፍሯል። ማታ ማታ አንድ ማንበብ የማይችል የሥራ ባልደረባው ቤት የከሰል ሠራተኞች ይሰበሰባሉ፣ እሱ ጋዜጣ እያነሳ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብላቸዋል። በ1912 ከሃርቫርድ ዶክትሬቱን ያዘ፣ በ1926 ደግሞ የጥቁሮች ታሪክ ሳምንትን ጀመረ። ታሪክ የመውደድ ነገር የያዘው ከዚያ ቤት ነው ብዬ አምናለሁ።

«ከሰሉ ሲያልቅ የሚቀረው ፍርስራሽ ነው» የሚሉም አሉ። ዌልስ ውስጥ ብሌናቨን የምትባል የብረትና የከሰል ከተማ አለች። ቢግ ፒት የተባለው ጉድጓዷ በ1980 ተዘጋ፣ በ1983 ሙዚየም ሆነ፣ በ2000 አካባቢው የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። እንግዳው የራስ ቁርና መብራት ይሰጠዋል። ስልኩንና ሰዓቱን እላይ ትቶ 90 ሜትር ይወርዳል። የሚያስጎበኙት ራሳቸው ከሰል ሲቆፍሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ከሰል ይወጣባት የነበረችው የጃፓኗ ሃሺማ ደሴትም በ2015 ተመዝግባለች። እዛ ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኮሪያውያንና ቻይናውያን በግዳጅ ሠርተዋል፣ ክርክሩም ይህ ታሪክ በደንብ ይነገር የሚል ነው። ትክክል ነው፤ ቅርስ ሲባል ሕመሙም አብሮ ይነገር።

የመጨረሻው የእኛው ቤት ነው። «ከሰል ያው ከሰል ነው» ይባላል። ምድጃ ላይ የምናነደው የእንጨት ነው፣ ትናንት የተቆረጠ ዛፍ። የድንጋይ ከሰል ግን በሚሊዮን ዓመታት የተጫነ ዕፅዋት ነው። (በነገራችን ላይ በብርድ ሌሊት የከሰል ምድጃ ቤት አስገብታችሁ በር የምትዘጉ ወገኖች፣ ከምድጃው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታ የሌለው ጋዝ ብዙ የማዕድን ሠራተኞችን የገደለው ራሱ ነው። እባካችሁ ምድጃውን አውጡት።) ሙሽ ላይ ከሰሉ ባለበት ቦታ ተመራማሪዎች ወደ 21.7 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያላቸው የቅጠል ቅሪቶች አግኝተዋል። ጥንት ሐይቅ በነበረ ቦታ፣ ደለሉ ድንጋይ ሆኖ ቅጠሉን እንደ መጽሐፍ ገጽ በመሀሉ ይዞታል።

ለዘመዳችን እሁድ ይህንኑ እነግረዋለሁ። ካምፓኒ ከመጣም መጀመሪያ የምጠይቀው ሚዛኑ ላይ ማን እንደሚቆም ነው።