ጨረቃና ሱፖን፦ ጃፓኖች «ትሱኪ ቶ ሱፖን» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ጃፓኖች ሁለት ነገሮች ጨርሶ አይወዳደሩም ለማለት ሲፈልጉ «ትሱኪ ቶ ሱፖን» ይላሉ። ትሱኪ ጨረቃ ናት። «ቶ» የእኛው «እና» ነው። ሱፖን ደግሞ ወንዝና ኩሬ ውስጥ የሚኖር የውሃ ኤሊ ነው። ጨረቃና ኤሊ እንደማለት።

ይህን ወደ አማርኛ መልሱ ብንባል ብዙዎቻችን «የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ» ብለን እናልፈዋለን። አልተሳሳትንም። ግን የአባባሉ ጨው እዚያው ቀረ። ሰማይና ምድር መቼም አይመሳሰሉም፣ አንዱን በሌላው የሚያምታታ ሰው የለም። የጃፓኖቹ አባባል ግን የሚነሳው ከመመሳሰል ነው። ጨረቃ ክብ ናት፣ ሱፖንም ክብ ነው። በቅርጽ ከሄድን ወንድምና እህት ናቸው፤ ከዚያ ውጪ ግን አንዷ ሰማይ ላይ ስታበራ ሌላው ኩሬ ግርጌ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚውለው።

ለዚህ ነው አባባሉ የሚያምረው አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ባላቸው ነገሮች ላይ ሲውል። አንድ ሰፈር ውስጥ ሁለት ቤት ገብታችሁ ሹሮ በላችሁ እንበል። ስሙ አንድ፣ ቀለሙ አንድ፣ ድስቱ ሳይቀር አንድ ዓይነት። የመጀመሪያው ጣት ያስቆረጥማል፣ ሁለተኛው ውሃ ውሃ ይላል። ትሱኪ ቶ ሱፖን! አንድ እናት የወለደቻቸው፣ አንድ ቤት ያደጉ፣ መልካቸው ቁርጥ አንድ የሆነ፣ በጠባያቸው ግን የማይገናኙ ወንድማማቾችም እንደዚያው። ሹሮና መኪና ለማወዳደር ግን ይህ አባባል አይሆንም። የሚያመሳስል ነገር ከሌለ ጨረቃዋን መጥራት ለምን?

እሺ፣ ክብ ነገር ሞልቷል፤ ለምን ሱፖን ተመረጠ? መልሱ ያለው የእንስሳው ስም ላይ ይመስለኛል፣ እኔን የማረከኝም እሱ ነው። በኦሳካና በኪዮቶ አካባቢ ሱፖንን «ማሩ» ይሉታል። ማሩ «ክብ» ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ቻይኖች ካሏቸው መጠሪያዎች አንዱ «ቱዋንዩ» ሲሆን ትርጉሙ «ክብ ዓሣ» ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ደግሞ ፔሎዲስከስ ሲኔንሲስ ይባላል። ፔሎዲስከስ የሚለውን የወገን ስም ያወጣው የቪየናው የእንስሳት ተመራማሪ ሌኦፖልድ ፊትሲንገር ነው፣ በ1835 እ.ኤ.አ.። ሥሩ ግሪክ ነው። «ፔሎስ» ጭቃ፣ «ዲስኮስ» ያው ስታዲየም ውስጥ የሚወረወረው ዲስከስ። «ሲኔንሲስ» የቻይና ማለት ነው። ሲጠቃለል «የቻይናው የጭቃ ዲስከስ»። መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ ይባላል እኛ ጋ፤ ይህን ምስኪን ግን በስምም የደገፈው የለም። ጃፓኑም፣ ቻይናውም፣ ቪየና የተቀመጠው ምሁርም ያዩት ያንኑ ክብነቱን ነው።

ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ይገባችኋል። እኛ የምናውቃት የየብስ ኤሊ ድንጋይ የመሰለ፣ ጉብ ያለ ልባስ አላት። ሱፖን ግን ጠፍጣፋ ነው። ጀርባው ላይ ያ ጠንካራ ቅርፊት የለም፣ በቆዳ ነው የተሸፈነው፤ ዳር ዳሩ ደግሞ እንደ እንጀራ ጠርዝ ልስልስ ብሎ ይተጣጠፋል። አንገቱ ረጅም፣ አፍንጫው ቀጭን ቱቦ ነው። ጭቃው ውስጥ ተቀብሮ አንገቱን ይዘረጋና የአፍንጫውን ጫፍ ብቻ ከውሃው በላይ ብቅ አድርጎ አየር ይስባል፣ ከዚያ ተመልሶ ይጠፋል። እያንዳንዱ እግሩ ላይ ሦስት ሦስት ጥፍር አለው። ዘመዱ እኛም ጋ አለ። በኦሞ ወንዝና በቱርካና ሐይቅ የሚገኘው ትልቁ ለስላሳ ጀርባ ኤሊ ትሪዮኒክስ ትሪዩንጉዊስ ይባላል። የመጀመሪያው ቃል በግሪክ፣ ሁለተኛው በላቲን «ባለ ሦስት ጥፍር» ማለት ነው፤ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። አማርኛው «ኤሊ» ብሎ ሁሉንም ይጠቀልላል። ጃፓንኛው ይለያል። በጥቅሉ ኤሊ «ካሜ» ነው፣ ካሜ ደግሞ የተከበረ ነው። የረጅም ዕድሜ ምልክት ስለሆነ 10,000 ዓመት ይኖራል ይሉለታል፣ ሥዕሉም የደስታ ቀን ጌጥ ነው። አባባሉ «ጨረቃና ካሜ» ቢሆን ኖሮ ዝቅ ማድረጉ ይጠፋ ነበር። ዝቅ ያለው ሱፖን ነው፣ ጭቃ ለባሹ።

ስለ አመጣጡ ሌላም ነገር ይነገራል። በፊት «ሹቦን» ነበር የሚሉ አሉ። ሹቦን ላክ በሚባል የሚያብረቀርቅ ቀይ ቀለም የተቀባ ክብ ትሪ ነው። ትሪውም እንደ ጨረቃ ክብ ነውና «ጨረቃና ትሪ» የነበረው ከአፍ አፍ ሲዞር «ሱፖን» ሆነ ይላሉ። እኔ አልተቀበልኩትም። እንስሳው ራሱ «ክብ» እየተባለ በሚጠራበት አገር ለምን ትሪ ድረስ እንሄዳለን?

በዚሁ መንገድ የተሠራ ሌላ አባባልም አላቸው፣ «ፋኖስና ደወል» የሚል። የወረቀት ፋኖስና የቤተ መቅደስ ትልቅ ደወል ሁለቱም ተንጠልጣይ፣ ቅርጻቸውም ተቀራራቢ፤ ክብደታቸው ግን አይገናኝም። ይህን በተለይ ለማይመጣጠን ጋብቻ ይሉታል። የእኛን ሰማይና ምድር በትክክል የሚተካው ግን «ኡንዴይ ኖ ሳ» ነው፣ የደመናና የጭቃ ልዩነት።

ሱፖን ሌላም ዝና አለው። አንዴ ከነከሰ ነጎድጓድ እስኪሰማ አይለቅም ይባላል። ስለዚህ የያዘውን የማይለቅ፣ እልኸኛ ሰው «እንደ ሱፖን» ይባላል። ውሃ ውስጥ ሲያስገቡት ግን ለቆ ይሄዳል፤ ነጎድጓድ መጠበቅ አያስፈልግም።

ደግሞ ጨረቃ ፊት የተናቀው ሱፖን ገበታ ላይ ውድ ነው። ሺዙኦካ ውስጥ ሃማና ሐይቅ አካባቢ ያረቡታል፣ ወጡም ለብርድና ለጉልበት ይፈለጋል። ኪዮቶ ውስጥ ምግብ ቤት ገብታችሁ «ማሩ ናቤ» የሚል ካያችሁ ናቤው ድስት ላይ የሚሠራ ወጥ ነው፣ ማሩው ደግሞ ጨረቃዋ አይደለችም።