ሪስትሪክቲቭ ካርዲዮማዮፓቲ ምንድን ነው?

የልብ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ ምርመራ) ውጤት ሲመጣ ብዙ ሰው ቶሎ የሚፈልገው አንድ ቁጥር ነው፤ ልብ በአንድ ምት ምን ያህሉን ደም ይረጫል? ከ55 በመቶ በላይ ከሆነ እፎይ ይባላል። ልብ ግን ሁለት ሥራ አለው። ይጨመቃል፤ ከዚያ ተፍታቶ በደም ይሞላል። ሪስትሪክቲቭ ካርዲዮማዮፓቲ በተባለው የልብ ጡንቻ ሕመም ቀድሞ የሚበላሸው መሙላቱ ነው። ጡንቻው እንዳልለፋ ቆዳ ይደርቃል፣ መለጠጥ ያቅተዋል። ስለዚህ ቁጥሩ ደህና ሆኖ ሰውየው ደረጃ መውጣት ሊያቅተው ይችላል።

መግቢያ ያጣው ደም ወደኋላ ይጠራቀማል። ትንፋሽ ያጥራል፣ እግር ያብጣል፣ ሆድ ውሃ ይቋጥራል። ሆድ ሲነፋ ደግሞ ሐሳብ ሁሉ ወደ ጉበትና ወደ ጨጓራ ይሄዳል፤ ልብ ይረሳል።

መንስኤው አንድ አይደለም። በሰውነት ውስጥ የብረት መብዛትና ለካንሰር ደረት ላይ የተሰጠ ጨረር ይጠቀሳሉ። በኡጋንዳና በሌሎች ሞቃታማ አገሮች የልብ ውስጠኛ ሽፋን የሚጠነክርበት ዓይነትም አለ። በደንብ መታወቅ ያለበት ግን አሚሎይዶሲስ ነው። ቅርጹን ያጣ ፕሮቲን በልብ ሴሎች መካከል እየተጋገረ ይቀመጣል። አንዱ ዓይነት ከመቅኔ ሴሎች ይነሳል፤ ይህ ቀን የማይሰጥ ስለሆነ ሕክምናው በፍጥነት መጀመር አለበት። ሌላው ጉበት ከሚሠራው ትራንስታይረቲን ከተባለ ፕሮቲን ይመጣል። ልብ ከመታመሙ ከዓመታት በፊት ሁለቱንም እጆች ሊያደነዝዝ ይችላል። ለዚህኛው ታፋሚዲስ የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። የሕመሙን ግስጋሴ ያዘገያል፤ የተጋገረውን ግን አይጠርግም። ዋጋው እጅግ ውድ መሆኑ ያሳዝናል።

የዕለት ተዕለቱ ክትትል ትዕግሥት ይጠይቃል። የሚያሸናው ኪኒን እብጠቱን ይቀንሳል፤ ሲበዛ ግን የደረቀው ልብ የሚሞላበት ደም ያጣል፣ ግፊት ይወርዳል፣ ራስ ይዞራል። ስለዚህ መጠኑን በራስ መጨመርም መቀነስም አደጋ ነው። ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ቁርስ ሳይበላ መመዘንና መጻፍ ጥሩ ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድ ሁለት ኪሎ ከጨመረ ለሐኪም መደወል ያስፈልጋል። ጨው ሲቀነስ በርበሬውና ሚጥሚጣው ውስጥ ያለውም ይቆጠራል። የልብ ምት ከተዛባ ደም ልብ ውስጥ እንዳይረጋ የደም ማቅጠኛ ሊታዘዝ ይችላል። ለሌላው የልብ ሕመምተኛ የሚስማሙ እንደ ቬራፓሚል ያሉ መድኃኒቶች አሚሎይድ ያለበትን ልብ ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ ሌላ ክሊኒክ ሲኬድ የሕመሙን ስም በወረቀት ይዞ መሄድ ይጠቅማል።