ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ የጠመንጃንስ?

ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ነው። ሰው በልቶ ጠጥቶ ወሬ ላይ ወድቋል። አንዲት ዘመዳችን የድሮ ፎቶዎች ይዛ መጥታ፣ ፎቶዎቹ እጅ በእጅ እየዞሩ ነበር። አንዱ የአያቴ ነው። ቁምጣ፣ ጋቢ፣ ወገብ ላይ ዝናር፣ ትከሻ ላይ ጠመንጃ። ከጎኔ የተቀመጡት የሰፈር ሽማግሌ ፎቶውን ራቅ ቀረብ አድርገው አዩና ፈገግ አሉ።

«ይቺማ ምንሽር ናት።»

የእህቴ ልጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጠመንጃ በእጁ ነክቶ አያውቅም፤ በስልኩ ጌም ላይ ግን ያልተኮሰው የለም። የጠመንጃ ቪዲዮ ሲያይ ያድራል። ጎንበስ ብሎ ፎቶውን አየና፣ «አባባ፣ ምንሽር አይባልም እኮ። ማንሊከር ነው» አላቸው።

«ምን አልከኝ?»

«ማን-ሊ-ከር። የሠራው ሰውዬ ስም ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ? ፋብሪካው ያወጣለትን ስም ማበላሸት ጥሩ አይደለም።»

ሽማግሌው ጠላቸውን አንድ ጊዜ ተጎነጩ። «መልአኩ አሁን ፋብሪካ ተቀጠረ እንዴ?» አሉ።

ሳቅ ሆነ። ልጁም ሳቀ። እኔ ግን ቤት እስክገባ ድረስ ነገሩ አልለቀቀኝም። ልጁ በአንድ ትንፋሽ ሁለት ነገር ነው የሳተው፤ ጠመንጃውንም ተረቱንም።

ከተረቱ ልጀምር። ትርጉሙን ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ስምና ሰው ሲገጥሙ እንለዋለን፣ አለቀ። እኔን ሁሌም የምትገርመኝ መጨረሻው ላይ ያለችው ቃል ናት፤ «ያወጣዋል»። ስም እኛ ጋ ይወጣል። ልክ እህል ከጎተራ፣ ውሃ ከጉድጓድ እንደሚወጣ። ስሙ ቀድሞም እዚያው ነበር፣ አንድ ሰው እጁን ሰዶ አወጣው ማለት ነው። ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ስም ላውጣ ብሎ የተቀመጠ ሰው አይደለም።

ጎጃም፣ እናቴ አገር፣ ሴት ስትወልድ ገንፎ ይገነፋል። ገንፎው መሐሉ ጎድጎድ ይደረግና ቅቤውና በርበሬው እዚያ ይፈሳል። ጎረቤቶች «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ይገባሉ። ከዳር እየቆረሱ፣ መሐል ላይ እያጠቀሱ ይበላሉ። ስሙ እዚያ ገንፎ ዙሪያ ነው የሚወጣው። አንዷ አምና የሞተውን ታስብና «ምትኩ በሉት» ትላለች። ሌላዋ እናትየዋ ያየችውን መከራ ቆጥራ «ካሳ ነው እንጂ» ትላለች። ሦስተኛዋ አፏ ሙሉ ስለሆነ እጇን ብቻ ታወናጭፋለች። የክርስትናው ስም ኋላ ነው፤ ለወንድ በአርባ ቀን፣ ለሴት በሰማንያ ቀን። እሱን ቄሱ ያወጡታል፣ የሚጠራውም ለቁርባንና ለጸሎት ነው። ሰፈሩ ግን ልጁን ዕድሜ ልኩን የሚጠራው በገንፎው ስም ነው።

ታናሽ ወንድሜ ሲወለድ ሰባት ዓመቴ ነበር። ዝናብ ጠፍቶ ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ የሚያይበት ጊዜ ነበር። ገንፎው እየተበላ ሳለ አንዲት ጎረቤታችን ከእግር እስከ ራሷ ርሳ ገባች። ነጠላዋን እየጨመቀች፣ «ኧረ ዝናቡ! ኧረ ዝናቡ!» አለች። ሴቶቹ ተያዩ። አያቴም ከማዕዘኑ ሆና፣ «በቃ፣ ዝናቡ ነው» አለች። ጎረቤታችን ስለ ልጁ እያወራች አልነበረም፣ ልጁን ገና አላየችውም። ወንድሜ እስከ ዛሬ ዝናቡ ነው። እንግዲህ መልአክ ያወጣዋል የሚባለው ይሄ ነው። ሳያስቡት ከሰው አፍ የወጣ፣ ግን ቦታውን ያገኘ ስም።

የተረቱን መነሻ በተመለከተ የራሴ ግምት አለኝ፤ ከወንጌል የመጣ ነው ባይ ነኝ። የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ላይ መልአኩ ገብርኤል ለዘካርያስ «ስሙን ዮሐንስ ትለዋለህ» ይለዋል። ዘካርያስ አላምን ብሎ አንደበቱ ይዘጋል። ልጁ ሲወለድ ዘመድ ተሰብስቦ በአባቱ ስም ዘካርያስ ሊሉት ይላሉ። እናቱ «አይሆንም፣ ዮሐንስ ይባል» ስትል፣ ከዘመድሽ በዚህ ስም የሚጠራ ማን አለ ብለው ይሞግቷታል። አባትየው ሰሌዳ ለምኖ «ስሙ ዮሐንስ ነው» ብሎ ሲጽፍ ምላሱ ይፈታል። እስኪ አስቡት፤ ይህን ወንጌል ቆሞ ያስቀደሰ ገበሬ ቤቱ ገብቶ ምን ሊል ነው? ዘመድ ስለ ስም ሲጨቃጨቅ ሲያይ፣ «ተዉት፣ ስምን መልአክ ያወጣዋል» ነው የሚለው። ማስረጃ አምጣ ብትሉኝ ወንጌሉን አሳያችኋለሁ፣ ገበሬውን ግን ከየት አመጣዋለሁ። ብቻ ልብ በሉ፤ በታሪኩ ውስጥ በትክክለኛ ስሙ ይጠራ ብለው የሚከራከሩት ዘመዶች ናቸው የተሳሳቱት።

አሁን ወደ ጠመንጃው።

ፈርዲናንድ ማንሊኸር ኦስትሪያዊ መሐንዲስ ነበር። ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ መሐሉ ላይ ሲ እና ኤች አሉበት። እንግሊዝኛ ያነበበ ሰው ያቺን «ክ» ይላታል፣ የእህቴም ልጅ የሰማው እሱን ነው። ጀርመንኛ ተናጋሪ ግን እዚያ ቦታ ላይ «ክ» አይልም። ምላሱን ወደ ላንቃው አስጠግቶ አየሩን በቀጭኑ ያፏጨዋል። ለእኛ ጆሮ ያ ድምፅ ከ«ክ» ይልቅ ለ«ሽ» ይቀርባል፤ ማንሊሸር። መሐል ያለችውን «ሊ» ዋጥ አድርጉና በሉት። ምንሽር! እኔ ያኔ ድንኳኑ ውስጥ ይህን አውቄ ቢሆን ኖሮ ልጁን ጉድ እሠራው ነበር። ማንበብ የማይችሉት አያቴ ከእሱ ይልቅ ለሰውየው ቀርበው ነው የጠሩት።

ውጅግራ ደግሞ የባሰ ይጣፍጣል። ፈረንሳይ በ1874 እ.ኤ.አ. ለጦሯ የያዘችው ጠመንጃ ነው፤ ባዚል ግራ በሚባል መኮንን ስም ይጠራል። ፈረንሳዮች ጠመንጃን «ፊዚ» ይላሉ። ሲጻፍ መጨረሻው ላይ «ል» አለ፣ አይነበብም። የግራ ስም ሲጻፍ መጨረሻው ላይ «ስ» አለ፣ እሱም አይነበብም። ስለዚህ ፊዚ ግራ። የኛ ሰው ውጅግራ አለ። «ል»ም የለች፣ «ስ»ም የለች! ይህን ስም ያመጣልን ሰው ወረቀት አላየም፤ በጆሮው ነው ያመጣው። እነዚህ ጠመንጃዎች በታጁራና በኦቦክ ወደቦች ይገቡ ነበር። ባለቅኔው አርተር ራምቦ ሳይቀር በ1887 እ.ኤ.አ. ለምኒልክ ጠመንጃ ጭኖ ሸዋ ድረስ መጥቷል። አንድ ቅፍለት መሪ ከፈረንሳዩ ነጋዴ ፊት ቆሞ፣ ሣጥኑ ሲከፈት፣ «ምንድን ነው የሚባለው?» ሲል ይታየኛል። ዛሬ ግን በእንግሊዝኛ ያነበበ የጠመንጃ አፍቃሪ «ፉሲል ግራስ» ብሎ ይጽፍልሃል። ዓድዋ ላይ ከተኮሱት መሣሪያዎች አንዱን ሬሳ አድርጎት አረፈ።

ሰናድርም እንደዚሁ ነው። እንግሊዞች በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ሲመጡ የያዙት ስናይደር ነው። አማርኛ ቃሉ መጀመሪያ ላይ ሁለት ድምፅ ሲጋፋበት አይወድም፣ መሐላቸው አናባቢ አስገብቶ ለሰስ አደረገው። በልጅግ የአገሪቱ የቤልጅግ፣ የዛሬዋ ቤልጂየም፣ ስም ነው፤ ፋብሪካው ኤፍ ኤን፣ ንድፉ ግን የጀርመኑ ማውዘር። መትረየስ የፈረንሳይኛው ሚትራዬዝ ነው። ስድስት ጎራሽ ደግሞ የማንም ቋንቋ አይደለም፣ የራሳችን ነው። ስድስት ጥይት ስለሚጎርስ ስድስት ጎራሽ። ከዚህ በላይ የገንፎ ስም ከየት ይመጣል?

ምህጻረ ቃል ላይም ስንደርስ ያው ነው። ዲሽቃን ውሰዱ። ሩሲያኛው ዴ፣ ሻ፣ ካ የሚሉ ሦስት ፊደላት ነው፤ የሁለት ነዳፊዎች ስም የመጀመሪያ ፊደላትና ትልቅ አፈሙዝ ያለው የሚል ቃል። የሩሲያ ወታደሮች ፊደሎቹን ሲደጋግሙ ሰለቻቸውና «ዱሽካ» አሉት። ዱሽካ በቋንቋቸው «ነፍሴ፣ ውዴ» እንደ ማለት ነው። አስቡት፣ 12.7 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚተፋ መትረየስ «ውዴ»! እኛ ጋ ሲደርስ ዲሽቃ ሆነ፣ ፍቅሩ ቀርቶ ቁጣው ብቻ ደረሰን። «ቃ» ስትጨመርበት ድምፁ ራሱ ይተኩሳል። ኢንተርኔት ላይ «ዲ ኤስ ኤች ኬ» እያሉ በእንግሊዝኛ የሚፊደሉት ሰዎች የትኛውንም አልሰሙትም። የአየር መቃወሚያው ዙ 23ም «ዚ ዩ» አይደለም። ሩሲያዊው ራሱ «ዙ» ነው የሚለው፣ የኛም ሰው «ዙ» አለ፣ አለቀ።

ክላሽ የሚለውንም ልጁ አልወደደውም። «ኤኬ ፎርቲ ሰቨን» ነው የሚለው። ሩሲያዊ ሰምቶ ከሆነ ግን «አ ካ» ይባላል፤ የካላሽኒኮቭ አውቶማቲክ ለማለት ነው። ሩሲያዊ ካላሽኒኮቭ ሲል ጉልበቱን የሚጥለው «ላሽ» ላይ ነው። ገበሬው ከረጅሙ ስም ቆርጦ ያስቀረው የትኛዋን ነው? ክላሽ። እንግሊዝኛ ተናጋሪም ቢሆን ጉልበቱን እዚያችው ላይ ነው የሚጥለው። እንግዲህ ማን ነው ያበላሸው?

ደግሞ እነሱ ራሳቸው መች ተስማሙ። የአሜሪካኑን ኤም ዋን የነደፈው ጆን ጋራንድ ነው። ብዙ አሜሪካዊ «ገራንድ» ብሎ መጨረሻውን ይጫናል። ሰውየው ራሱና የሚያውቁት ግን መጀመሪያውን ነበር የሚጫኑት። በዚህ ጉዳይ ሽማግሌዎች ተኳርፈው ተለያይተዋል ቢባል አልገረምም። የኛ የቃኘው ሻለቃ በ1951 እ.ኤ.አ. ኮሪያ ሲዘምት ይህንኑ ጠመንጃ ታጠቀ፤ «ኤም ዋን» ብሎ ጭቅጭቁን ሳይነካው አለፈ። ሻለቃው ራሱ ስሙን ያገኘው ከራስ መኮንን የፈረስ ስም፣ ከአባ ቃኘው ነው። ባለ ፈረስ ስም አገር ለጠመንጃ ስም ማውጣት ምን ያቅተዋል?

አያቴ ምንሽራቸውን እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነበር የሚያጸዱት። ግድግዳው ላይ ከተቸከለው የወይራ እንጨት አውርደው ጉልበታቸው ላይ ያጋድሟታል። ብጣሽ ጨርቅ ዘይት ነክረው በቀጭን ዘንግ አፈሙዟ ውስጥ ይሰዳሉ። ከዚያ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በብርሃን ያዩዋታል። እኔ ዘይቱን እይዛለሁ። ደስ ሲላቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ ይሉ ነበር፤

ፈረንጁ ሲሠራት ስሟን መች አወቀው፣
ምንሽር ያላትማ ሰው ነው የታጠቀው።

ያኔ የሚያንጎራጉሩት ለማንጎራጎር ያህል ይመስለኝ ነበር። ለካስ የእህቴ ልጅ ሳይወለድ ነው መልሱን የሰጡት።

ልጁን አልቆጣም። ማወቁ ጥሩ ነው፤ ማንሊኸር ማን እንደነበረ እኔም በእሱ ሰበብ ነው የቆፈርኩት። የሚያናድደኝ ተረቱ ሰሞኑን የገባበት ቦታ ነው። ሰው ለሱቁ ስም በገንዘብ አስጠንቶ፣ ታፔላ ሰቅሎ፣ ምርቃቱ ላይ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል። የልጁን ስም እርግዝናው ሦስት ወር ሳይሞላ ከኢንተርኔት ዝርዝር መርጦ፣ አጻጻፉን በላቲን ፊደል አስተካክሎ፣ እሱም ያንኑ ይላል። አንዱ ደግሞ ሌላውን በአነጋገሩ ለማሸማቀቅ ይመዝዘዋል። ምነው ጃል! ከፋብሪካ፣ ከካታሎግ፣ ከስብሰባ የወጣ ስም ካላችሁ ጥሩ ነው፣ ያዙት፣ ይመችላችሁ። መልአኩን ግን ለቀቅ አድርጉት። ቢያንስ ቢያንስ ገንፎ ሳትበሉ አትጥቀሱት።